ድፍድፉ አልወርድ ሲል ቫልቩን አይክፈቱ

ጥያቄ፦ «ቤት ውስጥ ከብቅል ጀምሬ ቢራ እጠምቃለሁ። በቅርቡ የስንዴ ቢራ ሞከርኩ። 2.5 ኪሎ የገብስ ብቅል፣ 2.5 ኪሎ የስንዴ ብቅልና ግማሽ ኪሎ የተጨፈለቀ አጃ ነበር። ምርቱ ከፍ እንዲል ብዬ የወፍጮዬን ክፍተት አጠበብኩ። ዎርቱ፣ ማለትም ከብቅሉ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ፣ መጀመሪያ ከድስቱ ሥር ባለው ቫልቭ ደህና ወረደ። 5 ሊትር ገደማ ከወጣ በኋላ ቀጠነ፣ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ቫልቩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፣ ፓምፑንም አስነሳሁ። ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ በጭልፋ እየቀዳሁ በወንፊት አጠለልኩት። ለሚቀጥለው የሩዝ ገለፈት ብጨምር ይበቃል? ወይስ ይህን ትቼ እህሉ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ወደሚጠመቅበት ዘዴ ልዙር?»

ምላሽ፦ የሩዝ ገለፈቱን ይግዙ፤ ይጠቅማል። ከጥያቄዎ ውስጥ ትኩረቴን የሳቡት ግን ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ «ክፍተቱን አጠበብኩ» የሚለው ነው። ሌላው «ቫልቩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት» የሚለው። ስንዴና አጃ ሥራውን ያከብዱታል፣ ልክ ነዎት። ነገር ግን የጀርመን የስንዴ ቢራ ቢያንስ ግማሹ የስንዴ ብቅል ነው፤ ያለችግር ሲጠመቅ ይኖራል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ እህሉ ላይ አንከምር።

ከቫልቩ ልጀምር። እሱ ከገባን ሌላው ቀላል ነው።

ድስቱ ውስጥ ዎርቱን የሚያጠራው ከሥሩ የተገጠመው ወንፊት አይደለም። ወንፊቱ እህሉን ደግፎ ከመያዝ ሌላ ብዙ ሥራ የለውም። የሚያጠራው እህሉ ራሱ ነው። የገብሱ ገለፈት ተደራርቦ ይተኛል፤ በመካከሉ ጠባብ መተላለፊያ ይቀራል፤ ዎርቱ በዚያ ይወርዳል። የፈረንሳዩ መሐንዲስ አንሪ ዳርሲ ውሃ በአሸዋ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ለክቶ በ1856 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ ለእኛም ድስት ይሠራል። ከላይና ከታች ያለው የግፊት ልዩነት ሲጨምር ፍሰቱ ይጨምራል። ፈሳሹ ሲወፍር ወይም የእህሉ ንጣፍ ጥልቀት ሲጨምር ፍሰቱ ይቀንሳል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የመተላለፊያው መጥበብ ነው። የቅንጣቶቹ መጠን በግማሽ ቢያንስ ፍሰቱ በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል።

እዚህ ላይ አሸዋና ብቅል ይለያያሉ። አሸዋ ቢጫኑት ብዙም አይጠቀጠቅም። የራሰ ብቅል ግን ይጠቀጠቃል። ቫልቩን ሰፋ አድርገው ሲከፍቱ ከወንፊቱ በታች ያለው ፈሳሽ ቶሎ ይወጣል፤ ከላይ የሚመጣው አይደርስበትም። ያኔ ከሥር መሳብ ይጀምራል። እህሉ ወደ ታች ይሳባል፣ ይጠቀጠቃል፣ መተላለፊያው ይጠባል። ፍሰቱ ቀነሰ ብለው ቫልቩን ሲጨምሩለት መሳቡም አብሮ ይጨምራል። ፓምፕ ሲታከልበትማ አበቃ፤ ከወንፊቱ በላይ ያለው እህል ሊጥ ሆኖ ይለጠፋል። ፍሰት ሲቀጥን ትክክለኛው እርምጃ ቫልቩን ማጥበብ ነው። እጅ ግን እሺ አይልም።

አሁን ወደ ወፍጮው። ለቢራ ብቅል ይሸረከታል እንጂ አይፈጭም። ጥሩ ሽርክት መዳፍዎ ላይ አድርገው ሲያዩት ገለፈቱ በአብዛኛው ሙሉ ነው፣ ወይም ለሁለት ተሰንጥቋል። ውስጡ ያለው ነጭ ፍሬ ሦስት አራት ቦታ ተሰባብሯል። ዱቄት አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ሳይነካ የቀረ ፍሬ ቢፈልጉ አንድ ሁለት ቢያገኙ ነው። ሲያራግፉት መዳፍዎ ነጭ ሆኖ ከቀረና ገለፈቱም ብትንትኑ ከወጣ፣ ክፍተቱ ጠቧል።

ወፍጮዎ ባለ ሁለት ሮለር ከሆነ ለገብስ ብቅል ከ1.0 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ባለው ክፍተት ይጀምሩ። ወፍጮው ላይ የተጻፈውን ምልክት አይመኑ። መካኒኮች ፊለር ጌጅ በሚሉት ቀጭን ብረት በሁለቱም ጫፍ ይለኩ። አንዱ ጫፍ ጠብቦ ሌላው ሰፍቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ወፍጮውን በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ የሚያዞሩ ከሆነ ደግሞ ቀስ ይበል፤ በደቂቃ 200 ዙር ገደማ ይበቃል። በፍጥነት የሚዞር ሮለር ገለፈቱን ይቀዳደዋል። ክፍተቱ ልክ ሆኖ ሳለ ብዙ ዱቄት የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። በምላጭ የሚቆርጠውን የቡና መፍጫ ጨርሶ አያስቡት።

ስንዴውን ለብቻው ይሸርክቱ። ስንዴ ሲወቃ ገለፈቱን ጥሎ ስለሚመጣ የምንጠብቅለት ገለፈት የለውም። ፍሬው ከገብስ ያንሳል፣ ይጠነክራልም። ክፍተቱን ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ቢያጠቡለት ችግር የለም። ሁለቱን ቀላቅለው በአንድ ክፍተት ሲያሳልፉ ግን ከሁለት አንዱ ይበላሻል፤ ወይ ስንዴው ሙሉውን ያልፋል፣ ወይ ገብሱ ይደቃል። እርስዎ ላይ የደረሰው ሁለተኛው ይመስለኛል። ከ5 ኪሎ ተኩሉ ውስጥ ገለፈት ያለው 2.5 ኪሎው ገብስ ብቻ ነበር። እሱም ደቀቀ። ታዲያ ምን ያጥልለው?

ምርቱስ ካሉ፣ ክፍተቱን ሲያሰፉ ጥቂት ስኳር ይጠፋል፣ አልክድም። 5 በመቶ ቢጠፋ እንኳ 300 ግራም የማይሞላ እህል ቢጨምሩ ይተካል። በቶን ለሚጠምቅ ፋብሪካ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ቤት ውስጥ 20 ሊትር ለሚጠምቅ ሰው ግን ግማሽ ቀን በጭልፋ ከመቅዳት ይሻላል።

አንድ ቀላል ዘዴ ልጨምር፤ እኔ በግሌ ከሩዝ ገለፈት አስቀድመዋለሁ። ከመሸርከትዎ በፊት የገብስ ብቅሉን በጥቂቱ ያርጥቡት። የውሃው መጠን የብቅሉ ክብደት 2 በመቶ ነው፤ ለ2.5 ኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በመርጫ እየረጩ በእጅ ያገላብጡትና 10 ደቂቃ ያህል ይተዉት። ገለፈቱ ይለሰልሳል። ሮለሩ ሲጫነው ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ውስጡ ግን ደረቅ ስለሆነ እንደልቡ ይሰባበራል። እንዲህ የተሸረከተ ብቅል ክብደቱ ያው ሆኖ ባልዲውን ከወትሮው ከፍ አድርጎ ይሞላል፤ ገለፈቱ ስላልደቀቀ ነው። ሮለሩ ላይ ሊጥ ከተለጠፈ ውሃው በዝቷል። መጨረሻ ላይ እፍኝ ደረቅ ብቅል ያሳልፉበት፣ ሮለሩ እንዳይዝግ። ለስንዴው ይህ አያስፈልግም።

የሩዝ ገለፈት ጣዕምም ስኳርም የለውም። ሥራው ንጣፉን ማላላት ብቻ ነው። ከጠቅላላው እህል ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃል፤ ለእርስዎ 300 ግራም ያህል። አቧራ ስላለው በውሃ ይጠቡት። እርጥቡን መጨመሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ደረቅ ከገባ ከድፍድፉ ውሃ ይጠጣል። ከእህሉ ጋር አብሮ ይደባለቅ እንጂ ላይ ላዩን አይነስነስ።

አጃው ላይ ብዙ ሰው ቤታ ግሉካን የሚባለውን ነገር ይፈራል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ቤታ ግሉካን በእህሉ ሴሎች ግድግዳ ውስጥ ያለ ሙጫ ነው። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ዎርቱን ያወፍረዋል። ብቅል ሲበቅል አብዛኛው ይፈርሳል፤ ያልበቀለ አጃና ያልበቀለ ገብስ ግን ይዘውት ይመጣሉ። ራይ የሚባለው የስንዴ ዘመድ እህል ደግሞ ሌላ ዓይነት ሙጫ አለው፤ ከሁሉም የሚያስቸግረው እሱ ነው። መፍትሔው ድፍድፉን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው። ሙጫውን የሚቆርጠው ኢንዛይም በዚህ ሙቀት ይሠራል፤ ወደ 65 ዲግሪ ሲወጡ ቶሎ ይሞታል። ለእርስዎ ግን አልመክርም። ግማሽ ኪሎ አጃ ከጠቅላላው 9 በመቶ ብቻ ነው። የአጃው ወይም የራዩ ድርሻ ከ20 በመቶ ካለፈ ያኔ ያስቡበት። በነገራችን ላይ የበቀለ አጃ፣ ማለትም የአጃ ብቅል፣ ብዙ ጊዜ ገለፈቱ አብሮት ስላለ ማጥለሉን ያግዛል። የተጨፈለቀው ነው ገለፈት የሌለው።

ከሙጫው ይልቅ የሚረሳው ስታርች ነው። ስታርቹ ገና ወደ ስኳር ሳይለወጥ ማጥለል ከጀመሩ ድፍድፉ ውስጥ ገንፎ አለ ማለት ነው። ጥርጣሬ ካለዎት ትንሽ ዎርት፣ ገለፈት ሳይገባበት፣ ነጭ ሳህን ላይ አንጠብጥበው አዮዲን ይጨምሩበት። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች ስላለ 15 ደቂቃ ጨምረው ይሞክሩ። የሞከሩበትን ይድፉት፤ ወደ ድስቱ አይመለስም። ጥሬ ሩዝ ወይም ጥሬ በቆሎ የሚጠቀም ሰው ደግሞ አስቀድሞ ይቀቅለው። የእነዚህ ስታርች በተለመደው የድፍድፍ ሙቀት በደንብ አይከፈትም።

ስለ ሙቀት ሲነገር ድፍድፉን ወደ 76 ዲግሪ ማውጣት ሁሉን የሚፈታ ተደርጎ ይቀርባል። ትንሽ ያጋንናሉ። ንጹህ ውሃን ብንወስድ ከ65 ወደ 76 ዲግሪ ሲወጣ ውፍረቱ የሚቀንሰው በ14 በመቶ ገደማ ነው። ስኳርና ሙጫ ያለበት ዎርት ላይ ልዩነቱ ይጎላል። ቢሆንም የደቀቀ ገለፈት አይመልስም። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው። ድስቱ በብርድ ቀን ለአንድ ሰዓት ሳይሸፈን ይቀመጣል፤ ላይ ላዩ 66 ዲግሪ እያሳየ ከሥሩ ከ60 በታች ይወርዳል። መዘጋት የሚጀምረው ደግሞ ከሥር ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን ወደ ታች ይስደዱት፤ ድስቱንም በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት። እህሉ ውስጥ የቀረውን ስኳር ለማጠብ የሚጨመረው ውሃ የእህሉን ሙቀት ከ77 ዲግሪ በላይ አያውጣው። ውሃው በጣም ሞቆ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 ካለፈ ገለፈቱ አፍ የሚያደርቅ ታኒን ይለቃል።

የውሃ መጠንም አለ። ለ1 ኪሎ እህል 3 ሊትር ውሃ ጥሩ ነው፤ ለእርስዎ 16.5 ሊትር። ወፍራም ድፍድፍ ለመጠቅጠቅ ቅርብ ነው። መጀመሪያ ወንፊቱ እስኪሸፈን ውሃ ያድርጉ፣ ከዚያ እህሉን ቀስ በቀስ እያማሰሉ ይጨምሩ። ደረቅ ዱቄት ወንፊቱ ላይ በቀጥታ ከወደቀ ቀዳዳውን ከመጀመሪያው ይደፍነዋል። ጓል አይኑር። የመጨረሻው ማማሰል ካበቃ በኋላ 10 ደቂቃ ሳይነካ ይረፍ፤ ገለፈቱ ተደራርቦ የሚተኛው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ማውረዱ። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ነው። ቫልቩን በጣም በጥቂቱ ይክፈቱ። መጀመሪያ የሚወጣው ድፍርስ ነው፤ በማሰሮ ይቀበሉትና ወደ ድስቱ መልሱት። ሲመልሱ ማንኪያ ወይም ሳህን ላይ ያፍስሱት፣ ንጣፉን እንዳይቆፍረው። ከ3 እስከ 5 ሊትር ከመለሱ በኋላ የገለፈት ስብርባሪ መምጣቱን ያቆማል። ዎርቱ መስታወት እስኪመስል መጠበቅ አያስፈልግም። የስንዴ ቢራ ዎርት ሁልጊዜም ትንሽ ይደፈርሳል።

ከዚያ ፍጥነቱን ይለኩ። ላይ ላዩን ውሃ እየጨመሩ በተከታታይ የሚያጥቡ ከሆነ 1 ሊትር ለመሙላት 2 ደቂቃ ያህል ይውሰድ። 25 ሊትር ለመሰብሰብ ወደ 50 ደቂቃ ማለት ነው። ዎርቱ እየቀጠነ ሲሄድ ፍጥነቱን በጥቂቱ መጨመር ይቻላል። ከእህሉ በላይ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሁልጊዜ ይቁም። እህሉ ፈሳሽ ውስጥ ሳለ በከፊል ተንሳፍፎ ነው ያለው። ፈሳሹ ከሥሩ ሲሸሽ ክብደቱን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። ውሃውን በሁለት ዙር ጨምረው ሙሉ በሙሉ የሚያወርዱ ከሆነ ግን ይህ ደንብ አይሠራም። በየዙሩ እንደገና ስለሚያማስሉ ንጣፉ እንደ አዲስ ይነሳል። እውነቱን ለመናገር ስንዴ ለሚበዛበት ቢራ ይህኛው ዘዴ ከሚያስቸግሩ ነገሮች ብዙውን ይቀንሳል።

ፓምፑን ከድስቱ ጋር በቀጥታ አያገናኙት። ዎርቱ በራሱ ክብደት ወደ ትንሽ ባልዲ ይውረድ፤ ፓምፑ ከባልዲው ይቅዳ። እንዲህ ሲሆን ፓምፑ እህሉን መሳብ አይችልም። በቀጥታ ማገናኘት ግድ ከሆነ ፍሰቱን ከፓምፑ በኋላ ባለው ቫልቭ ይገድቡ፣ በጥቂቱ ከፍተው።

አንድ መሣሪያ ልጠቁም፤ ብዙ ቤት ጠማቂ አይጠቀምበትም፣ መሆን ግን ነበረበት። ከወንፊቱ በታች ባለው መውጫ ላይ ቲ ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ ያድርጉና ሙቀት የሚችል ግልጽ ቱቦ ከድስቱ ጎን ቀጥ አድርገው ያቁሙ። ቫልቩ ሲዘጋ በቱቦው ውስጥ ያለው ዎርት ድስቱ ውስጥ ካለው እኩል ይቆማል። ማውረድ ሲጀምሩ ትንሽ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ እህሉ ላይ ያለው መሳብ ነው፤ በዓይን የሚታይ። ቱቦው ውስጥ ያለው እየወረደ ከሄደ ንጣፉ መጠቅጠቅ ጀምሯል። ቫልቩን ያጥብቡ፣ ተመልሶ ይወጣል። ፍሰቱ ከመቆሙ በፊት የሚያስጠነቅቅዎ ይህ ነው።

ላይ ላዩ ላይ ግራጫ ሊጥ የመሰለ ሽፋን ካዩ ፕሮቲንና ደቃቅ ዱቄት ነው። ስንዴ ላይ ይበዛል። በረጅም ቢላዋ አግድምና ቁልቁል ይሰነጣጥቁት። ከሥር ያለውን 10 ሴንቲ ሜትር ግን አይንኩ፤ የሚያጠራው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሊቆም ይችላል። ያኔ መጀመሪያ ቫልቩን ይዝጉ። ከእህሉ በላይ ፈሳሽ አለ? ከሌለ ምናልባት የጎደለው ውሃ ብቻ ነው። ፈሳሽ ቆሞ ከታች ምንም ካልወጣ፣ 76 ዲግሪ የሞቀ 2 ሊትር ውሃ በመውጫው በኩል ከታች ወደ ላይ ቀስ አድርገው ያስገቡ። በፓምፕ ወይም ከድስቱ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ዕቃ ማድረግ ይቻላል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ቫልቩን በጥቂቱ ይክፈቱ። ሳይቆም ከቀጠለ፣ ተደፍኖ የነበረው መውጫው ወይም የወንፊቱ ቀዳዳ ነው። ትንሽ ወርዶ ደግሞ ከቆመ ችግሩ ንጣፉ ነው። ያኔ አይሞግቱት። ሙቅ ውሃና የሩዝ ገለፈት ጨምረው ሁሉንም እስከ ሥሩ ያማስሉ፣ 10 ደቂቃ ያሳርፉ፣ ድፍርሱን እንደገና መልሱ፣ በግማሽ ፍጥነት ይቀጥሉ። ግማሽ ሰዓት ይወስዳል እንጂ ቢራው አይበላሽም። ቱቦውን በአፋቸው የሚነፉ ሰዎች አሉ። ተዉት፤ ትኩስ ዎርት ተመልሶ ከመጣ ፊት ያቃጥላል፣ ስኳሩም ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

በጭልፋ ቀድተው ማጥለልዎም ስህተት አልነበረም። ወደ መፍያው ድስት ብዙ ገለፈት እስካልገባ ድረስ ቢራው ደህና ይሆናል። ገለፈት አብሮ ሲፈላ ነው ታኒኑ የሚመጣው።

ከረጢቱን በተመለከተ፣ ጥሩ ዘዴ ነው። የሚያጠልለው የጨርቁ ስፋት ከወንፊት በእጅጉ ይበልጣል፤ ስለዚህ ደቃቅ ሽርክትም ይችላል። ዋጋው ክብደት ነው። 5 ኪሎ ተኩል እህል ቢያንስ ያንኑ ያህል ሊትር ዎርት ይዞ ይቀራል፤ ከ11 ኪሎ በላይ የሚንጠባጠብ ትኩስ ከረጢት ማንሳት አለብዎ። ማንጠልጠያ ከሌለ አይመከርም። መካከለኛው መንገድ ከረጢቱን አሁን ባለዎት ድስት ውስጥ አንጥፎ እህሉን እዚያ ማድረግና እንደወትሮው በቫልቩ ማውረድ ነው። ቢቆም እንኳ ከረጢቱን ከአንድ ጎን ትንሽ ሳብ ሲያደርጉት ይለቃል። ከወንፊቱ በላይ ይነጠፍ፤ በቀጥታ መውጫው ላይ ካረፈ ጨርቁ ተስቦ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።